ዎፋ አምፖፎ ያልጨረሱት ፍተሻ

ከዚህ በታች ከምጽፈው ውስጥ አንዲት ሐሰት ብትገኝ በሱቄ የተከመረው ጎማ ሁሉ ባንድ ጊዜ ይፈንዳ! ክምሩ ደግሞ ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ ከሰዓት በኋላ ግማሹ የሱዋሜ ጋራዥ ሰፈር ጥላ የሚያገኘው ከእሱ ነው። ሱቄ ከ«ምስጋና ይገባዋል» መኪና መሸጫ ፊት ለፊት ስለሆነ በዚያ ግቢ የሆነውን በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ፤ ያላየሁትን ሰምቻለሁ፤ ያልሰማሁትን ደግሞ አውቄዋለሁ። በኩማሲ ከተማ ከእኔ የሰላ ዓይንና ጆሮ ያለው ሰው ካለ ይምጣና ይሟገተኝ።

ዕለቱ ቅዳሜ ነው፤ ማለዳ። ዎፋ አምፖፎ በአንዲት ነጭ አሮጌ ሚኒባስ ሥር በጀርባቸው ተንጋለው ሞተው ተገኙ። ክሪኩ በጎኑ ወድቋል፤ የመኪናዋ ሆድ ደረታቸው ላይ ተጭኗል። ጩኸቱን የሰማ ሁሉ መፍቻውን እየጣለ ሮጠ። ግቢው ከመሙላቱ የተነሳ ዘግይቶ የደረሰው ሰው በሌላው ትከሻ ላይ እየተራመደ ነው የገባው።

ዎፋ ማለት በእኛ ቋንቋ የእናት ወንድም ነው። እሳቸውን ግን ሱዋሜ በሙሉ ዎፋ ይላቸው ነበር። አሮጌ መኪና የሚገዛ ሰው፣ አእምሮ ካለው፣ ከመክፈሉ በፊት እሳቸውን ይዞ ይመጣል። ፍተሻቸው ተራ አለው፤ ንጉሥ ቢያዝዛቸው አያዛንፉትም። መጀመሪያ መዳፋቸውን ኮፈኖው ላይ ያሳርፋሉ። ሞተሩ ቀዝቃዛ መሆን አለበት፤ የታመመ ሞተር ሕመሙን የሚናገረው በብርድ ሲነሳ ነውና። ሻጩ አስቀድሞ አሙቆት ከጠበቃቸው «በሽተኛህን ስታስታምም ያደርክ ትመስላለህ» ይሉና ፊታቸውን አዙረው ይሄዳሉ። ካልሞቀ በጨርቅ የጠቀለሉትን ማግኔት አውጥተው ላሜራውን ይዳስሳሉ። ማግኔቱ ካልያዘ፣ ከቀለሙ ሥር ያለው ብረት ሳይሆን ስቱኮ ነው። ቀጥሎ ምንጣፉን ገልጠው ያሸታሉ፤ ጎርፍ የገባባት መኪና ሽቶ ቢረጩባትም ምንጣፏ ሥር ረግረግ ረግረግ ትላለች። ቀጥሎ የዘይቱን ክዳን ከፍተው ውስጡን ያያሉ፤ ወተት የመሰለ ነገር ከተለጠፈበት ውሃና ዘይት ተገናኝተዋል፣ የዚያ ሞተር ነገር አብቅቷል። መጨረሻ ላይ፣ ልብ በሉ፣ መጨረሻ ላይ ካርቶን ዘርግተው ሻንሲውን ለማየት ከሥር ይገባሉ።

የተሰበረ ወንበር የሚሸጥ ሰው ሌባ ይባላል። ቁልቁለት ላይ ለሁለት የምትሰበር መኪና የሚሸጥ ሰው ግን በዚህ አገር ቤተ ክርስቲያን የፊት ወንበር ይሰጠዋል!

የግቢው ባለቤት ዳፓ እንዲህ ያለ ሰው ነው። ሆዱ ከእሱ ቀድሞ ይደርሳል፤ ጸሎቱ ከሆዱ ይቀድማል። ሬሳው ገና ከመኪናው ሥር ሳይወጣ እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ይጮህ ጀመር።

«አደጋ ነው! እግዜር የወደደውን አደረገ! በሉ እሳቸውን አንሱና መንገድ ልቀቁ፤ ማሜ ፖኩዋ መኪናቸውን ሊወስዱ ነው!»

ማሜ ፖኩዋ የትምህርት ቤት ኃላፊ ናቸው። ሰኞ ትምህርት ይጀመራል፤ በኦፊንሶ መንገድ ከየመንደሩ ልጆች የምታመላልስ ሚኒባስ ይፈልጋሉ። ያችን ነጭ ሚኒባስ እንዲያዩላቸው ዎፋ አምፖፎን የለመኑት እሳቸው ነበሩ። አሁን ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ይዘው ቆመዋል።

ኢንስፔክተር ፍሬማ ቦንሱ የደረሰችው ከቀብር ተጠርታ ነው፤ ጥቁርና ቀይ የለቅሶ ልብሷን እንደለበሰች። አጭር፣ ደልደል ያለች፣ ስትራመድ የማትቸኩል ሴት ናት። ዓይኗ ግን ሌላ ነው! ዝንብ ብታርፍባት ቁርሷን የትኛው ሥጋ ቤት እንደበላች ትነግራችኋለች። በአሻንቲ ምድር ያላወጣችው ገዳይ የለም፤ አንዳንዱማ ገና ሳይገድል ነው የሚናዘዝላት።

«ማን አገኛቸው?» አለች።

«እኔ ነኝ ማዳም» አለ ዳፓ። «ለቁርሴ ኬንኬ ልገዛ ወጣ ብዬ ስመለስ እንዲህ ሆነው አገኘኋቸው። ዕድሜ ነው ማዳም። ክሪኩን ደህና አድርገው ሳያቆሙ ገቡ።»

«ኬንኬው የት አለ?»

«እ... ደንግጬ ጣልኩት።»

«የት?»

ዳፓ ዙሪያውን አየ። እኔም አየሁ፤ ኬንኬ ቀርቶ የተጠቀለለበት ቅጠል እንኳ የለም።

ፍሬማ መልስ አልጠበቀችም። መዳፏን ኮፈኖው ላይ አሳረፈችና ወዲያው አነሳችው። «ትኩስ ናት። ዛሬ ማን አስነሳት?»

«ባትሪዋን ልይ ብዬ ነው ማዳም፤ ትንሽ ብቻ።»

በሩን ከፍታ አንገቷን አስገባች። «ቆጣሪው ብዙ እንዳልሄደች ይናገራል።»

«አልሄደችማ! አውሮፓ ውስጥ አንድ ቄስ እሁድ እሁድ ብቻ ነበር የሚነዷት!»

«እኒህ ቄስ እግራቸው ከባድ ነበር ማለት ነው» አለች ፍሬማ። «የፍሬኑ ፔዳል ላስቲክ እስከ ብረቱ ድረስ ተበልቷል።»

ግቢው በሳቅ ፈነዳ። ከሳቁ ብርታት የተነሳ ከጎረቤት ቆርቆሮ ቤት ላይ ሁለት እርግቦች ወደቁ። ዳፓ ግን አልሳቀም።

ከዚያ ፍሬማ የለቅሶ ልብሷን ሰብሰብ አድርጋ ከሬሳው አጠገብ ቁጢጥ አለች። የሸሚዛቸውን ኮሌታ በጣቷ ነካችው፤ እርጥብ ነው። ከትከሻቸው ጎን በትንሽ ላስቲክ ከረጢት የታሸገች አንዲት የላስቲክ ውሃ ወድቃለች፤ ጥጓ በጥርስ ተነክሶ ተከፍቷል፤ ግማሹ ውሃ ገና አልፈሰሰም። ከዚያ መሬቱን አየች፤ ከመኪናዋ የተንጠባጠበ ጥቁር ዘይት። ከዚያ ግድግዳውን አየች። የዎፋ አምፖፎ ካርቶን እንደተጣጠፈ ግድግዳው ላይ ተደግፏል።

ቀና ስትል ዓይኗ በሚኒባሷ መሃለኛ በር አጠገብ ባለው የብረት ቋሚ ላይ አረፈ። የሽማግሌው ማግኔት ከነጨርቁ እዚያው ተለጥፎ ቀርቷል።

«ማሜ ፖኩዋ፣ እርስዎ ሲመጡ ምን አዩ?»

«የግቢው በር ተዘግቶ ነበር ልጄ» አሉ ፖኩዋ። «ባንኳኳ ባንኳኳ የሚከፍትልኝ አጣሁ። በኋላ ዳፓ በቀዳዳው ብቅ ብሎ ‹ዎፋ ፈትሸው ጨርሰዋል፤ ወርቅ ናት ብለዋል፤ ትንሽ ይጠብቁ› አለኝ። ከዚያ ነው ጩኸቱን የሰማሁት።»

«ፈትሸው ጨርሰዋል ነው ያለዎት?»

«በዚሁ ቃል።»

ፍሬማ ምንጣፉን ለመግለጥ ሞከረች። ዙሪያውን በማጣበቂያ ተይዟል፤ ማንም አልነካውም። የዘይቱ ክዳን ላይ ያለው አቧራም የጣት ምልክት የለበትም። እንግዲህ ይህን ሁሉ ለምን እንደምታይ ሌላው ሰው አልገባውም። እኔ ብቻ ነኝ የገባኝ።

ከሕዝቡ መሃል አንድ ሰው ተንሰቅስቆ ያለቅሳል። ቴንኮራንግ ነው፤ የዎፋ አምፖፎ የእህታቸው ልጅ፣ ከግቢው ጥግ ባለው ዳስ የሚሠራ በያጅ። ብየዳ ያስተማሩት፣ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው።

«አንተ የት ነበርክ?» አለችው።

«ዳሴ ውስጥ ማዳም። ጩኸቱን ሰምቼ ነው የመጣሁት። ዎፋዬን! ዎፋዬን!»

«ሳይሞቱ ደረስክ?»

«አልደረስኩም። ሞተው ነው ያገኘኋቸው።»

«አልነካሃቸውም?»

«አልነካኋቸውም።»

ፍሬማ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ወደ ሱቄ መጣችና፣ የምነግራችሁ እውነት ነው፣ ትከሻዬን ይዛ «ወንድሜ፣ ሱዋሜ ውስጥ ጎማ የሚያውቅ ሰው አንተ ነህ ይባላል። ና እስቲ የዚችን መኪና ጎማዎች እያቸው» አለችኝ። አየሁላት። የፊት ጎማዎቹ በውስጥ በኩል፣ የኋላዎቹ በውጭ በኩል ተበልተዋል። «ማዳም» አልኳት፣ «የዚች መኪና ፊትና ኋላ በአንድ መንገድ ላይ ሄደው አያውቁም።» በአድናቆት ለረጅም ጊዜ አየችኝ።

ወዲያው ሁላችንም ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር እንድንሰበሰብ አዘዘች። ዳፓ፣ ቴንኮራንግ፣ ማሜ ፖኩዋ ፊት ለፊት፤ ከኋላቸው እኔና የቀረው የከተማው ሕዝብ።

«ሰው ሁሉ አደጋ ነው ይላል» ብላ ጀመረች። ድምጿ ዝቅ ያለ ነው፤ ግን ውስጡ የሚንተከተክ ነገር አለ። «አደጋ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር፤ ቀብሬን እጨርስ ነበር። ግን ዎፋ አምፖፎ በሕይወታቸው ካርቶን ሳያነጥፉ መኪና ሥር ገብተው አያውቁም። ካርቶኑ ያው ግድግዳው ላይ ነው። ሥር የሚገቡት ደግሞ መጨረሻ ላይ ነው። ዛሬ ምንጣፉን አልገለጡም፤ የዘይቱን ክዳን አልከፈቱም። ስለዚህ በራሳቸው እግር ከሥር አልገቡም። ሰው ነው ያስገባቸው።»

«ማዳም፣ ዛሬ ቸኩለው ይሆናል!» አለ ዳፓ።

«አንተ ዝም በል! ለማሜ ፖኩዋ ‹ፈትሸው ጨርሰዋል፣ ወርቅ ናት ብለዋል› ያልከው አንተ ነህ። ያልተነካ ምንጣፍ እያየህ! ሽማግሌውን ከገደላችሁ በኋላ ምስክር ልታደርጋቸው!»

ዳፓ ወደኋላ አንድ እርምጃ አለ። ፍሬማ ቀጠለች።

«ሁለተኛ። ሞተሩ ትኩስ ነው። ትኩስ ሞተር ያገኙ እንደሆነ ዎፋ ምን ያደርጋሉ?»

«ይሄዳሉ!» አለ ሕዝቡ ባንድ ድምፅ።

«ዛሬ ግን አልሄዱም። ለምን? ፍተሻውን ሊቀጥሉ አይደለም፤ ያስቀራቸው ሌላ ነገር ነው። ማግኔታቸው ይነግረናል።» ማግኔቱን ከቋሚው ላይ ነቅላ ጣት ያህል ወደ ኋላ ወሰደችው። ዱብ ብሎ ወደቀ። እንደገና ሞከረች፤ ወደቀ። የቤቷን ቁልፍ አውጥታ ቀለሙን ፋቀችው። ሮዝ ስቱኮ እንደ ዱቄት ረገፈ፤ ከሥሩ ከጣሪያ እስከ ወለል የሚወርድ ወፍራም የብየዳ ጠባሳ ወጣ።

«እዩት! የአንዷ መኪና ፊት፣ የሌላዋ መኪና ኋላ። ሁለት የሞቱ መኪኖች ተሰፍተው አንድ ሕያው ተባሉ። ሰኞ ጠዋት እዚህ ስፌት ላይ የሚቀመጠው የማን ልጅ ነበር?»

የማሜ ፖኩዋ ቦርሳ ከእጃቸው ወደቀ። «ትንንሾቹን መሃል ላይ ላስቀምጣቸው ነበር» አሉ። «ወደ ፊት እንዳይወረወሩብኝ።»

ሕዝቡ አጉረመረመ። በዚያ ሰዓት የነበረው ቁጣ ብረት ያቀልጥ ነበር፤ ከጥግ የተቀመጠ የብየዳ ዘንግ በራሱ ሲግል አይቻለሁ።

«ዎፋ ይህን ጠባሳ አዩ። ስቱኮው በደንብ ያልሸፈነው ቦታ አለ፣ ከበሩ ማጠፊያ ሥር፤ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተነባበረ ብየዳ። የበያጅ እጅ እንደ ድምፁ ነው፤ አይጠፋም። ይኸው ቅርፊት በቴንኮራንግ ዳስ በር ላይም አለ፤ ስገባ አይቼዋለሁ። እንዲህ እንዲበይድ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ያስቀራቸው ይህ ነው።»

«ማዳም፣ ብየዳ መበየድ ወንጀል አይደለም!» አለ ቴንኮራንግ። «ያመጡልኝን እበይዳለሁ! ከዚያ አልፎ ዎፋዬን ልገድል?»

«ወደዚያ ነው የምመጣው» አለች። የውሃውን ላስቲክ በሁለት ጣት ይዛ አነሳች። «መኪና ደረቱ ላይ ያረፈበት ሰው ላስቲክ ነክሶ ውሃ አይጠጣም። ኮሌታቸው ግን ርሷል። ነፍሳቸው ሳትወጣ አንድ ሰው ጭንቅላታቸውን ይዞ አጠጥቷቸዋል። ሊያድናቸው ቢፈልግ ይጮህ ነበር፤ ጩኸት የተሰማው በኋላ ነው። መግደል ብቻ የፈለገ ሰው ቢሆን ደግሞ ይሸሽ ነበር። ዳፓ ቢሆን ኖሮ» አለችና በንቀት አየችው፣ «ውሃውን ራሱ ነበር የሚጠጣው።»

ማንም አልሳቀም።

«በእኛ ዘንድ ሰው ጉሮሮው ደርቆ አይሸኝም። ‹ውሃህን ጠጣ፤ በሰላም ሂድ፤ ቤቱን ክፉ አታሳየው› ብሎ የሚያጠጣው የገዛ የእናቱ ወገን ነው። ገዳዩ ገደላቸው፤ ግን ያለ ውሃ ሊሰዳቸው አልቻለም። ግድያውን ለመደበቅ ያሰበውን ሁሉ አሰበ፤ ይህን ግን ማሰብ አላስፈለገውም፤ እጁ ራሱ አደረገው። እዚህ ግቢ ውስጥ የእናታቸው ወገን አንድ ሰው ብቻ ነው። አልነካኋቸውም ያለኝም እሱ ነው።»

ቴንኮራንግ በጉልበቱ ወደቀ።

«‹ይህ ያንተ እጅ ነው› አሉኝ» አለ። «‹ልጆች ይጫኑባታል እኮ› አሉኝ። ለማሜ ፖኩዋ ልንገር ብለው ወደ በሩ ሲሄዱ ያዝኳቸው... ገፋኋቸው። ጭንቅላታቸው ቸርኬ ላይ አረፈ። ልግደላቸው ብዬ አይደለም! ዎፋዬ ናቸው! ዳፓ ነው ‹ከሥር እናስገባቸው፣ ክሪኩን እንጣለው› ያለኝ። ገና ይተነፍሱ ነበር። ገና ይተነፍሱ ነበር...»

«ዝም በል አንተ እበት!» ብሎ ዳፓ ወደ በሩ ተፈተለከ።

እዚህ ላይ እኔ ገባሁ። ከሱቄ ትልቁን የከባድ መኪና ጎማ በአንድ እጄ አንስቼ አንከባለልኩት። ጎማው መንገዱን አቋርጦ፣ ሰው ሳይነካ፣ ሁለት ዶሮ ዘልሎ ዳፓን ወገቡ ላይ መታው፤ ሰውየው እንደ ጆንያ ተዘረረ። ፍሬማ በካቴና አሰረችው። ከዚያ ወደ ሚኒባሷ ተመልሳ በአንድ ጣቷ ገፋ ብታደርጋት፣ ያች መኪና ሕዝብ እያየ እንደ ትኩስ ዳቦ መሃል ለመሃል ተገመሰች፤ ፊቷ ወደ ሰሜን፣ ኋላዋ ወደ ደቡብ። ማሜ ፖኩዋ እልል አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሱዋሜ የተቀጠለ መኪና የሚሸጥ ሰው የለም።

ይህን ሁሉ በጥሩ ወረቀት ላይ ገልብጬ፣ የዎፋ አምፖፎ ሚስት ለነበሩት ለኤኖ አፍራኮማ ወሰድኩላቸው። ከመንገዱ ዳር ሙዝ እየጠበሱ ይሸጣሉ። አጠገባቸው ተቀምጬ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩላቸው፤ የጎማውን ቦታ ሁለት ጊዜ። እሳቸው ሙዙን እየገለበጡ ሰሙኝ።

«ጨረስክ፣ ልጄ ባፉር?» አሉ።

«ጨረስኩ ኤኖ። እንዴት ነው?»

«አፍህ ጥሩ ነው» አሉ፤ ቀስ ብለው፣ ሳይቆጡ። «እንዲያው ማዳም የምትላት ሴት አልመጣችም። ከጣቢያው የመጣ ሰው አልነበረም፤ ዳፓ ደውሎ አደጋ ነው አላቸው፣ እነሱም አደጋ ነው አሉ። ቴንኮራንግ ያን ሰሞን ታኮራዲ ነበር፤ ለቀብሩ ነው የደረሰው። አንተም ሱቅህ ዝግ ነበር፤ የአክስትህ ቀብር ነበረብህ።»

«ኤኖ...»

«መጀመሪያ የደረስኩት እኔ ነኝ። ካርቶናቸው ከበታቻቸው ተነጥፎ ነበር። ውሃ ያጠጣቸው ሰው የለም፤ ከንፈራቸው ደርቆ ነው ያገኘኋቸው። ውሃው በኋላ ነው የመጣው። ዳፓ ለለቅሶው አንድ መኪና ሙሉ የላስቲክ ውሃ ላከ። ሰዉም ጠጣ፣ መረቀው።»

ከሰሉን በማራገቢያ አራገቡት። እኔ ወረቀቶቼን ማስተካከል ጀመርኩ።

«ታዲያ ሚኒባሷ?» አልኩ።

«ሰኞ ሥራ ጀመረች። ዛሬም ጠዋት በዚህ አለፈች» አሉ። «ልጆቹ እጃቸውን አውለበለቡልኝ።»